የአሮጌው ጠመንጃ ቁልፍ

ሚኒያፖሊስ፣ ሲዋርድ
መስከረም 12 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

አስቀድሜ ጤናሽን፣ ቀጥሎ ሥራሽን፣ ከዚያ ያንን ሲያትል ላይ ሳያቋርጥ የሚወርደውን ዝናብ እጠይቃለሁ። ሦስቱም እንዴት ናቸው? እኔ ጉልበቴና ፀጉሬ ሲቀሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አለ ግን አይታዘዝም፤ ፀጉሬ ይታዘዝ ነበር ግን የለም።

ፖስታውን ስታይ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። አጎቴ ስልክ ተቆረጠበት እንዴ ትያለሽ። አልተቆረጠብኝም። በስልክ የማይላክ ነገር ስላለኝ ነው፤ ምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ታገኚዋለሽ። ዘለሽ እንዳታነቢ። ልጅ ሆነሽ የተረት መጽሐፍ ከኋላ ጀምረሽ ስታነቢ የያዝኩሽ እኔ ነኝ።

እሁድ ደውለሽ ለጠየቅሽኝ ነገር መልስ አልሰጠሁሽም። እታፈራሁ ነግራሽ ነው። ያቺ ሴት ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው ወንጌል ልትሰማ ይሁን ወሬ፣ ቄሱም ለይተው አያውቁም። አጎቴ ጠመንጃ ገዛህ አሉ፣ እውነት ነው? ለምን? አልሽኝ። እኔም ሚኒሶታ ውስጥ ዘንድሮ ድብ በዝቶ ነው አልኩሽ። አልሳቅሽም። ስለዚህ አሁን እንደ ሰው ልመልስልሽ።

ነገሩ የሚጀምረው ከይልማ ነው። ይልማ ኬንያ ካለው የካኩማ የስደተኞች ካምፕ ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት ጓደኛዬ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ በየዓመቱ በጥቅምት አደን እንደምንሄድ ግን አጫውቼሽ አላውቅም። እዚህ ፌዛንት የሚሉት ወፍ አለ፤ ቆቅ ነው፣ ለሠርግ የለበሰ ቆቅ በይው። ይልማ ይተኩሳል። እኔ ቢላ እይዛለሁ። በጥይት የሞተ ወፍ ለእኛ ጥንብ አይደል? ስለዚህ ወፉ ሲወድቅ እኔ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሼ፣ በስመ አብ ብዬ ማረድ አለብኝ። አንድ ሽማግሌ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ፣ ቢላ መዝዞ፣ በቆሎ እርሻ መሀል እየጮኸ ሲሮጥ አስቢው። አንዴ የአደን ተቆጣጣሪው ከሩቅ አይቶኝ መኪናውን እያስጮኸ መጣ፤ ሰው ሊያርድ ነው ብሎ። ይልማ ሣሩ ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ዘግይቼ ከደረስኩ የሞተውን ፍሪድሊ ሥራ ቦታ ወስጄ ለፎርማኔ፣ ለአለቃዬ፣ እሰጠዋለሁ። ጃዋርን፣ አጠገቤ የሚሠራውን ልጅ፣ አንዴ ውሰድ ብለው፣ ጋሼ የእኛም በቢስሚላህ ነው የሚታረደው እኮ አለኝ። በዚህ ምክንያት ይልማ ፎርማኔን ሲያይ፣ አንተ ያወፈርከው ሰውዬ ይለኝ ነበር።

መጋቢት ላይ፣ በሁዳዴ መሀል፣ ይልማ ከመኪናው በረዶ ሲጠርግ ወደቀ። መጥረጊያው ከእጁ አልወጣም ነበር አሉ። በዚያው ሳምንት ሚስቱ ጠመንጃውን ለፖሊስ ጣቢያ አስረከበች። ቤቴ ውስጥ ከእንግዲህ ብረት አላሳድርም ብላ ነው፤ አልፈርድባትም።

እኔ አላለቀስኩም። በሠልስቱ ቀን ቀልድ ተናግሬ ለቀስተኛውን አስቄአለሁ፤ ይሄ ሰው እንዴት ጠንካራ ነው ተባለ። ጥንካሬ አልነበረም። ሥራ ቦታ ልብ ውስጥ የሚገቡ ቀጫጭን ቱቦዎች በማጉያ እያየን ስንመረምር ድርብ ጓንት እናደርጋለን። ከመጋቢት ወዲህ ጓንቱን አውልቄም ጓንቱ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል። መላጣዬን ሳሻሽ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ የሰው እጅ ስጨብጥ። ምግቡን እበላለሁ፣ ቀልዱን እቀልዳለሁ፣ ኪዳን እቆማለሁ። ፋሲካም መጣ፣ ሄደ። አላዘንኩም። አዝኜ ቢሆን ኖሮ ለአንቺም እነግርሽ ነበር፤ የሚነገር ነገር ይኖር ነበራ።

እንግዲህ ባለፈው ማክሰኞ፣ ፈረቃዬ ሲያልቅ፣ ከፍሪድሊ ወደ ቤት አልሄድኩም። ጠመንጃ ቤት ገባሁ። ለምን ገባህ አትበይኝ፤ መኪናው ታጠፈ። ሻጩ ጢሙ እንደ ባሕታዊ የወረደ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው። ሁለት አወጣልኝ። አንዱ አዲስ ነው፤ ጥቁር፣ ዘይት ዘይት የሚል፣ ሰደፉ ፕላስቲክ። ሲያቀባብሉት ጥርሱ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስላል፤ ገና ማንንም አያውቅም። ሌላው ፖሊስ ተጠቅሞበት የሸጠው ነው። በዚህ ከተማ የፖሊስ ዕቃ ሲባል የሰው ፊት እንዴት እንደሚለወጥ ታውቂያለሽ፤ ሽማግሌውም ይህን ስለሚያውቅ ነው መሰለኝ ቶሎ ቶሎ አስረዳኝ። ከገጠር ጣቢያ የመጣ ነው፣ ሃያ ዓመት በመኪና ውስጥ ማንጠልጠያ ላይ ተሰክቶ ዞረ እንጂ የተተኮሰበት ጥቂት ነው አለኝ። እውነትም በአንድ ጎኑ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ነጭ ሆኗል፣ እንጨቱም ተፋፍቋል። አፈሙዙን በባትሪ አብርቶ ሲያሳየኝ ግን ውስጡ እንደ አዲስ ብርጭቆ ያበራል። ላዩ ያረጀ፣ ውስጡ ያልተነካ። እኔ የዚህ ተቃራኒ ነኝ አልኩት። ፈገግ አለ።

ለአደን ነው ለቤት ጥበቃ? ብሎ ጠየቀኝ። ይህቺን ቀላል ጥያቄ መመለስ አቃተኝ። አዲሱን ስጠኝ አልኩት። ስለ አዲሱ አንድም ነገር አልጠየቅሁም። እኔ! ቲማቲም ስገዛ እንኳ ሻጩን የማስለቅስ ሰው። ከዚያ ጥይት ስንት ፓኮ ልጨምርልህ? አለኝ።

በነጠላ አይሸጥም ወይ? አልኩት።

እንደ ሰፈራችን ሱቅ፣ እንደ ሲጋራ ማለቴ ነው። ቀልድ ነበር። ማለት፣ ቀልድ መስሎኝ ነበር የተናገርኩት። ሽማግሌው አልሳቀም። እጁን ጠመንጃው ላይ አሳረፈ። ቀጥሎ የሞላሁትን ፎርም አንስቶ ማንበብ ጀመረ፤ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ እያንዳንዷን መስመር በጣቱ እየተከተለ።

የልደት ቀኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚህ አገር ወረቀት ላይ እኔም፣ ይልማም፣ የካምፑ ሰው ግማሹ፣ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለድነው፤ የተመዘገብነው እንዲያ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በእንቅልፍ ልቤ ስጽፈው የኖርኩት ቀን ነው። ማክሰኞ ግን እጄ እናቴ የነገረችኝን ቀን ጻፈ። ኅዳር 12፣ ከነዓመተ ምሕረቱ፣ በእኛው አቆጣጠር። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። እውነተኛውን ቀን ለመጻፍ ምን ቸኮልኩ? ሽማግሌው መንጃ ፈቃዴንና ፎርሙን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አይገጥምም፣ ዛሬ ልሸጥልህ አልችልም፣ ነገ ና፣ ሰው ይዘህ ብትመጣም ጥሩ ነው አለኝ። ላርመው አልኩት። ነገ አለ። ጃዋር እንዳለኝ ከሆነ ፎርሙ እዚያው ሰርዞ ፈርሞ የሚታረም ነገር ነው። ሽማግሌው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

ከዚያ ወጥቼ ቡርንስቪል ሄድኩ፣ ይልማ ቤት። የሄድኩት ቢላውን ልመልስ ነው። ቢላው የይልማ ስጦታ ነው፣ ሰደርያውም አብሮ ነበር፣ ሁለቱን በፌስታል አድርጌ መኪና ውስጥ ካስቀመጥኳቸው ሳምንት ሆኗቸው ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ማዕዶት ናት፣ ልጁ። ዘንድሮ ሃያ ሁለት ሞላት። በአማርኛ ስታናግሪያት በእንግሊዝኛ የምትመልስ፤ አባቷ ሲቆጣ ራሱ፣ ኦኬ ዳድ፣ ሪላክስ፣ ትለው የነበረች። ፌስታሉን ሰጠኋት። አይታ፣ አንክል፣ ሲሪየስሊ? ሲዝኑ እኮ በሚቀጥለው ወር ነው የሚከፈተው፣ ይሄን ለምን ታመጣዋለህ? አለችኝ። ለካስ በክረምቱ ለእናቷ ሳትናገር የአደን ትምህርት ወስዳ ፈቃድ አውጥታለች። ካርዷን ከስልኳ ጀርባ ከሸጎጠችበት አወጣችው። እኔ እተኩሳለሁ፤ ግን አርጄ አላውቅም፣ መሮጥም እጠላለሁ፣ ያንተ ሥራ ያንተ ነው አለችኝና ፌስታሉን መልሳ ደረቴ ላይ ለጠፈችው።

ጠመንጃ የለንም አልኳት። ከዚያ ያንን የጠመንጃ ቤት ነገር ለማሳቅ ብዬ አጫወትኳት። ስለ ባሕታዊው ጢም፣ ስለ ልደቴ፣ ስለ ነጠላዋ ጥይት።

እሷም አልሳቀችም። በሩን ይዛ ቆመች። ቀጥሎ፣ ጋሼ አለች፣ በአማርኛ፤ ጋሼ፣ ዛሬ እኛ ጋ ታድራለህ። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።

ይህች ልጅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ነገሩ እንግዳ ስለሆነብኝ እሺ አልኩ። ሶፋው ላይ ተኛሁ። እሷ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ፣ ኮምፒዩተር ከፍታ፣ የቤት ሥራ አለብኝ ብላ አደረች። ትምህርቷን አምና ጨርሳለች።

ረቡዕ አብረን ሄድን። ሽማግሌው ሁለታችንን ሲያይ ተንፈስ አለ። ክርክሩን ብታዪ! እኔ፣ ነቅቼ ስለነበር መሰለኝ፣ እንደ ወትሮዬ መጨቃጨቅ ጀመርኩ። አዲሱ ዋስትና አለው አልኩ። እሷ፣ አዲሱ እስኪለሰልስ አምስት ዓመት ይፈጃል፣ ያ ደግሞ ፖሊሶቹ ጠዋት ጠዋት እያቀባበሉ ሲፈትሹት ለስልሷል አለች፤ ሁለቱንም አቀባብላ አሰማችኝ። ልክ ናት፤ አሮጌው በር የሚዘጋ አሽከር ነው የሚመስለው፣ ድምፁ ጨዋ ነው። ይሄ አፈሙዝ ለወፍ ያጥራል አልኩ። ረጅም ገዝተን እንቀይረዋለን፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው አለች። ምን እንዳየ በምን እናውቃለን አልኩ በመጨረሻ፤ የማን ደም እንዳለበት። ማዕዶት አሰብ አድርጋ፣ ተሸክመውት ዞሩ፣ አልተኮሱም፣ ይሄ ጥሩ ነገር አይደል? አለች። ፎርሙን በጃንዋሪ አንድ ሞልቼ ሰጠሁት። አሮጌውን ገዛን። እታፈራሁ ሰምታ ጠበል ይረጭ ብላለች፤ ይረጫል፣ ዝገቱን እሷ ትጠርጋለች።

እንግዲህ ለምን ገዛህ ላልሽኝ መልሱ ይሄ ነው፤ ለቆቅ ነው። ረቡዕ ስለሆነ የገዛሁት ለቆቅ ነው። ማክሰኞ ብትጠይቂኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

ጥይቱን ማዕዶት ወስዳ የት እንዳስቀመጠችው አልነገረችኝም። ጠመንጃው ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከሩዝ ከረጢቱ ጀርባ ቆሟል፣ ቃታው በጓጉንቸር ተቆልፏል። ከዕቃው ጋር ሁለት የመክፈቻ ቁልፍ ይሰጣሉ። አንዱን ማዕዶት ሳትጠይቀኝ ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር አሰረችው። ሁለተኛውን ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ሄደች። አልረሳችውም፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አይታዋለች። አራት ቀን አብረን ቡና ጠጣን፣ እኔና ቁልፉ።

አሁን ከመምሸቱ በፊት ማዕዶት በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ታስሮጠኛለች፣ በስልኳ ሰዓት እየያዘች። ቆቁ ሞተ ጋሼ፣ ቆቁ ሞተ፣ ለፎርማኑ ሆነ፣ እያለች ከኋላዬ ትጮኻለች። አባቷን ነው የምትመስለው። ትናንት ጉልበቴ በጣም አመመኝ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳሸው፣ የሱሪዬ ሻካራነት እጄ ላይ ተሰማኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ትንሽ ነገር ነው፤ ጻፍኩት ብቻ።

የመጨረሻውን ወረቀት ገልብጪ። በፕላስተር የለጠፍኩት ያንን ሁለተኛውን ቁልፍ ነው። ለሌላ ሰው አትስጪው፣ መሳቢያ ውስጥ አኑሪው። ማዕዶት ጋ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ከእኔ እስከ አንቺ ግን የሁለት ቀን መንገድ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሰው ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራል።

ጥቅምት ሲገባ ይዘሽው ነይ። በማዕዶት ቁልፍ መክፈት ይቻላል ብለሽ እንዳትቀሪ፤ በአንቺው እንዲከፈት ነው የምፈልገው። ሰደርያ ገዝቼልሻለሁ፣ ይሰፋሻል፣ እንደ ድንኳን ነው። ሥራሽ ላባ መንጨት ነው፤ ዶክተርነትሽ እርሻ ላይ አይሠራም።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። የእናትሽን ነፍስ ይማር፣ የይልማንም። እኔንም በጸሎትሽ አስቢኝ፣ በስሜ ሳይሆን በሥራዬ፤ እሱ ያውቀኛል።

የሚወድሽ አጎትሽ፣
ቢላ ያዡ

ማሳሰቢያ፦ ፖስታው ሲደርስሽ ደውዪ። ምንም አትበይ፣ ቁልፉን ብቻ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጊው፤ እሰማዋለሁ።