የዋጠውን ሚሞሪ ስለማይመልሰው ሶፍትዌርዎ

ለክቡር ቬኑጎፓል ሜኖን፣
የምናባዊ ማሽን ሶፍትዌር አምራቹ ኩባንያ የደንበኞች ድጋፍ የበላይ ኃላፊ፣
ባንጋሎር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነትና በቀዝቃዛ ቢሮ ውስጥ እንዲያገኝዎ እየተመኘሁ፣ እኛ የኮዚኮድ ወሊድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኞች ከሶፍትዌርዎ ተርፈን በሕይወት እንዳለን በትሕትና እገልጻለሁ።

፩. በአንድ ሰርቨር ሆድ ውስጥ የደም ባንኩን፣ የካርድ ክፍሉንና የላቦራቶሪውን ማሽኖች ለየብቻ እንዲያኖርልን የገዛነው ሶፍትዌርዎ፣ የወሰደውን ሚሞሪ መመለስ ነውር ስለሚመስለው፣ ሰርቨሩ እስኪታነቅ ድረስ ሲውጥ ይከርማል። ስናመለክት ‹‹አጥፍታችሁ አብሩት›› ብላችሁ ስለመከራችሁን እናመሰግናለን፤ ይህን ጥበብ የሰፈራችን ቴሌቪዥን ጠጋኝ በነጻ ይሰጠን ነበር።

፪. አንዲት እናት ወልዳ ደም እየፈሰሳት ሳለ ሰርቨሩ ታነቀ። ነርስ ሻሂና ‹‹ደሙ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ ለእሷ የተመረመረው የቱ እንደሆነ ግን ይሄ ግዑዝ አልነግር አለኝ!›› እያለች ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ደሙን እንደ አዲስ በእጅ መርምረው እናትየዋን ለጥቂት አተረፏት። እናንተም ‹‹ጥፋቱ የሠራተኛችሁ ነው›› ብላችሁ ለአስተዳዳሪያችን ስለጻፋችሁ፣ ሰርቨሩን የምትጠብቀው ቢንዱ ከሥራ ታገደች። ስለ ፍጥነታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ከዚያ በፊት ፈጥናችሁ መልሳችሁልን አታውቁምና።

ቢንዱ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እኔ ቤት ባቆምነው አሮጌ ሰርቨር ላይ ሶፍትዌርዎን ጭነን ሥራውን አንድ በአንድ ፈተሽን። በመጨረሻም ሰው የአንዱን ማሽን መስኮት ስክሪኑ ላይ ከፍቶ በዘጋ ቁጥር፣ ለስክሪኑ ምስል የተያዘው ሚሞሪ ሳይለቀቅ እንደሚቀር ደረስንበት። ‹‹አየኸው ሳቲሽ? ሌባው እሱ፣ የታሰርኩት እኔ!›› ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች።

፫. ማስረጃውን ስንልክላችሁ ‹‹ይህ ጉድለት ሳይሆን የአሠራሩ ጠባይ ነው›› አላችሁን። ብዙም ሳትቆዩ ያንኑ ጠባይ ‹‹የፍጥነት ማሻሻያ›› ብላችሁ፣ የቢንዱን ስም ሳታነሱ፣ አረማችሁት። ማሻሻያውን ጭኜ በመዝገባችን ላይ ‹‹የቢንዱ እርማት›› ብዬ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ሆስፒታሉ እገዳዋን አንሥቶ ‹‹ተመለሺ›› ሲላት፣ ቢንዱ ‹‹ይቅርታ ያልተባለበት ወንበር ይቆረቁራል›› ብላ ዕቃዋን ይዛ ሄደች።

ዳግመኛ ‹‹ውድ ደንበኛችን›› ተብሎ እንዳይጠራ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ የሚለምንዎ፣

ሳቲሽ ኩሩፕ
ኮዚኮድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ‹‹በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?›› የሚለው መጠይቃችሁ ደርሶኝ፣ ለእናትየዋ ባል አስተላልፌዋለሁ። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ጽሕፈት ስለማይወድ መልሱን በቃል ሊያደርስዎ የባንጋሎር ባቡር ሰዓት እያጠያየቀ ነው።