መንኮራኩር ውስጥ ፍቅር ምን ዶለው?

ሰኔ 12 ቀን

ልጄ፣ ያለህበት ሁሉ ሰላም ይሁንልህ። ቃሉ የእኔ፣ ጽሕፈቱ የእህትህ ነው፤ ይህን በእሷ እጅ ማጻፌ ትንሽ አሳፍሮኛል። እሷም አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

ያን የጠፈር ተከታታይ ፊልም አሁንም አብረን እናያለን። ፍቅረኞቹ በተቀራረቡ ቁጥር አባትህ «መንኮራኩር ውስጥ ፍቅር ምን ዶለው?» ይልና እህትህን ውሃ አምጪ ብሎ ያስነሳት ነበር። ትናንት ግን አብራሪው ሚስቱን ለዘላለም ሲሰናበት፣ ልትነሳ ስትል «ተቀመጪ ልጄ፣ አንቺም እዪ» አላት። እንባውንም አልጠረገም። ከሐኪም ቤት ተመልሶ «ምንም የለብኝም» ያለኝ ውሸት መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

እባክህ ደውልለት፤ ስለ ሕመሙ ግን አታንሳበት። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ በልጆች ፊት እጁን ይዤው አላውቅም። ነገ ፊልሙን ስናይ እይዘዋለሁ።

እናትህ