በጎረቤታችን በር ላይ ስለለጠፉልን ቀይ ወረቀት

ለተከበሩ የከተማው የጽዳትና የአኗኗር ለውጥ መምሪያ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ ከቻልኩ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ ለቢሮዎ መጋረጃዎችም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የምኖር የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ከሚንቀጠቀጥ ሰው ጎን ተቀምጬ ስለምውል ትዕግሥት አያንሰኝም፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እሱ ካለቀ በኋላ መሆኑን ቢረዱልኝ ደስ ይለኛል።

መምሪያዎ «ሰው አካባቢውን እንዲጠብቅ ምን ያነሳሳዋል?» የሚለውን ትልቅ ጥያቄ ለመመርመር ከከተማው ሕንጻ ሁሉ የእኛን ስለመረጠልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለማወቅ ጊዜ ያላገኙት አንድ ነገር ቢኖር፣ ጥያቄው እኛ ዘንድ ከተመለሰ ዓመታት ማለፋቸውን ነው። የመለሱልን ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። በር ሲያንኳኩም እንደ ድሮው ሥራቸው «ሃሎ!» ስለሚሉ የሕንጻው ሰው ሁሉ «እትዬ ሃሎ» ይላቸዋል።

እትዬ ሃሎ ደጃቸው ላይ አንድ በርሜል አቁመው፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጫችንን እዚያ እንድንጨምር፣ ፕላስቲኩን ለብቻው እንድናስቀምጥ አስለመዱን። በርሜሉ ውስጥ የበሰበሰው ሁሉ የጓሮ አበባቸው ምግብ ሆነ። ታዲያ እንዴት አድርገው አስለመዱን? ስለ ምድር መሞቅ አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። «ሃሎ! ልጄ፣ አበቦቼ ምንም ሳይቀምሱ ነው ያደሩት፤ የሙዝ ልጣጭ ታጣልኛለህ?» ይላሉ። ማን ጨክኖ አጣሁ ይላል? የሦስተኛ ፎቁ ወንደላጤ ልጣጩን ይዞ የሚወርደው እሳቸው ሲቀበሉት «ተባረክ» ስለሚሉትና ሌላ የሚመርቀው ሰው ስለሌለው ነበር። ጥበቃው ደረጃው እንዳይሸተው ብሎ ነበር። ባለቤቴ ፊት ለፊታችን ከምትኖረው ነርስ ላለማነስ ነበር፤ እኔ ደግሞ ባለቤቴን ስለምፈራ። ክቡር ሆይ፣ በእኛ ሕንጻ ለምድር ብሎ ቆሻሻ የለየ አንድም ሰው አልነበረም፤ ምድር ግን በዚህ ቅር ሲላት አልሰማንም።

ከዚያ እርስዎ ደረሱልን። የዋሉልንን ውለታ እንዳልረሳው በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው። የላኩልን ባለሙያ መስኮቱን አስዘግቶ፣ የሚነድ ደን፣ የተሰነጠቀ መሬትና የሰጠመ ከተማ ሲያሳየን ዋለ። ዓላማው ማስደንገጥ ከነበረ ደንግጠናል፣ እጁን ቁርጥማት አይንካው። ወንደላጤው ግን ሲወጣ «እንዲህ ካለቀላትማ የእኔ የሙዝ ልጣጭ ምን ሊፈይድላት ነው?» ብሎ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጣጩን በመስኮት ይወረውር ጀመር። በእኔም ሙያ ተማሪውን አብዝቶ የሚያስፈራራ አስተማሪ አለ፤ ተማሪው ፍሬኑን መርገጥ ሲገባው ዓይኑን ይጨፍናል። ይህንን ለባለሙያው ነግሬው ነበር፤ ማስታወሻ ሳይዝ ፈገግ አለልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጃንጥላው። ልጣጭ በኪሎ አብልጦ ላመጣ ቤተሰብ ጃንጥላ ይሸለማል ብለው ሚዛን ላኩልን። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ ተያያዝነው። የአንደኛ ፎቁ ሰውዬ ገና ቢላ ያልነካው ጎመን ከገበያ እየገዛ በርሜሉ ውስጥ ይጨምር ጀመር። ባለቤቴና ነርሷ ልጣጩ እንዲከብድ ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ሰነበቱ፤ ወንደላጤው እንኳ ጃንጥላ ሲባል ከመስኮቱ ተመልሶ ነበር። ሚዛኑ ተነሥቶ ሲሄድ ግን፣ ለዓመታት ለምርቃት ብሎ ሲያመጣ የነበረው ሰው ሁሉ «አሁንስ ምን ይሰጡናል?» አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለእውነቱ ግን ጃንጥላው ግሩም ጃንጥላ ነው፤ ያሸነፈው ባለ ጎመኑ ሰውዬ ደመና በሌለበት ቀን እንኳ ዘርግቶት ይወጣል።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጨዋነቴን እንዳልስት ይጸልዩልኝ። ሽልማቱ አልሠራ ሲልዎ ወደ ማሳፈር ተሻገሩ፤ ቆሻሻ የደባለቀ ቤት በሩ ላይ ቀይ ወረቀት እንዲለጠፍበት አዘዙ። የተደባለቀውን ማን እንደጣለው መለየት አድካሚ ስለሆነም፣ ጥፋቱ በቅርብ ባለው በር እንዲመዘገብ የሚል መመሪያ አወጡ። እኛም የዋዛ አይደለንምና መመሪያውን ወዲያው ገባን። ከገዛ በራችን ላይ ቀዩን ለማራቅ፣ የጠርሙስ ክዳኑን፣ ፌስታሉን፣ የተሰበረ መጥረጊያውን ሳይቀር ሰው በሌለበት ሰዓት ወስደን የምንጨምረው የእትዬ ሃሎ በርሜል ውስጥ ሆነ። ማን ማን እንደሆነ ቢጠይቁ ሕንጻው በሙሉ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ይምልልዎታል።

ተቆጣጣሪዎችዎ መጡ፣ በርሜሉን ከፈቱ፣ አጠገቡ ያለውን በር አዩ፣ ለጠፉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! መለየትን ያስተማሩን ሴትዮ በሕንጻችን ብቸኛዋ ቆሻሻ ደባላቂ ተብለው ተመዘገቡ።

እትዬ ሃሎ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከሥራ ስገባ ነበርና «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁኝ። አሁን ደጃቸውን የሚያልፍ እንግዳ ሁሉ ወረቀቱን አይቶ አፍንጫውን ይይዛል፤ ደብዳቤ አዳዩ እንኳ ከሩቅ ቆሞ ይጣራል። መጋረጃቸውን ዘግተው ይውላሉ። በር አያንኳኩም። «በተሰደብኩበት ደጅ አልቀመጥም» ብለዋል፤ የፊታችን ቅዳሜ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከተማው ዳር ወዳለችው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። እኔ ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። በእርስዎ ብቻም አይደለም የተናደድኩት፤ እርስዎ መንገዱን አሳዩን እንጂ በርሜሉ ድረስ የተሸከምነው በገዛ እጃችን ነው። ሰው ሲመረቅ መራቂውን ላለማሳፈር ይተጋል፣ ሲመዘን ሚዛኑን ያታልላል፣ ሲፈራ ደግሞ ጥፋቱን ጎረቤቱ ደጅ ይጥላል። ለዚህ ጥናትዎ ውጤት እኛ ዘንድ ሰው መላክ አያስፈልግዎትም ነበር፤ አንድ ቀን ከእኔ ጋር መኪና ውስጥ ቢውሉ ይበቃዎት ነበር።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ከሦስተኛው በኋላ አፈርኩበትና ተውኩት።

ልመናዬ አጭር ነው። ከቅዳሜ በፊት ይምጡ። ወረቀቱን ተቆጣጣሪ ሳይልኩ፣ በገዛ እጅዎ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ ይላጡት፤ ከዚያ በሩን አንኳኩተው ይቅርታ ይጠይቋቸው። ዋንጫም፣ ጃንጥላም፣ ንግግርም አይፈልጉም። እንደማውቃቸው ከሆነ ይቅርታውን ሳይጨርሱ የሙዝ ልጣጭ ይጠይቁዎታል፤ ባዶ እጅዎን እንዳይመጡ።

ያስተማሩንን ሁሉ ልንረሳ የማይቻለን፣ ስለ ድካምዎ ከወንበርዎ ምቾት ሌላ የምንመኝልዎ ያጣን፣ የሕንጻው ነዋሪዎችን በመወከል፣ ሳይወክሉኝ፣

የሁለተኛ ፎቁ መኪና አስተማሪ

ግልባጭ፦
— ለአንደኛ ፎቁ ባለ ጃንጥላ
— ለሕንጻው ነዋሪ ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለቢሮዎ ሳስገባ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ ስብሰባው ቅዳሜን ተሻግሮ ስለሄደ ለአደባባይ አውጥቼዋለሁ። እትዬ ሃሎ ሄደዋል። በርሜሉን ጥበቃው ውኃ ሊያጠራቅምበት ወሰደው፤ እኛም ልጣጩንም ፕላስቲኩንም በአንድ ጆንያ አጭቀን ለቆሻሻ መኪናው እንሰጣለን። ትናንት ተቆጣጣሪዎችዎ መጥተው የሚከፍቱት በርሜል ቢያጡ «ስሕተት ያልተገኘበት ሕንጻ» የሚል አረንጓዴ ምስክር ወረቀት ሸልመውናል፤ እግዜር ይስጥልን። ቀዩን ወረቀት ልንልጠው ብንታገል ሙጫው አልለቅ ስላለን፣ ምስክር ወረቀቱን እላዩ ላይ ሰቅለነዋል። ሊያዩት ከመጡ በሩን አያንኳኩ፤ የሚከፍትልዎ የለም።