አባትህ ያሰፋው ወንበር

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤ እንደምን ሰነበትክ? የረገጥክበት ይለምልምልህ፣ ክፉ አይንካብኝ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ያስለቅሰኛል።

አባትህ የዚያን አሮጌ ፒካፕ ወንበር አሳደሰ። ስንት ዘመን ሽቦው ልብሳችንን ሲቀድ ኖሮ፣ አሁን "ልጄ ሲመጣ እንዳይቆረቁረው" ብሎ ወንበር ሰፊውን "ስፖንጅ እንዳትሰስት!" አለው። ሰፊውም አልሰሰተ፤ ወንበሩ እንደ አልጋ አብጦ መጣ። የአባትህን ቁመት ታውቀዋለህ፤ እላዩ ላይ ሲወጣ ፍሬኑን የሚነካው በእግሩ ጣት ጫፍ ነው። ማክሰኞ ከግቢያችን በር ጋር ተላተመ። "አንተ ሰውዬ፣ አስቀንሰው" ስለው፣ "እየተቀመጡበት ዝቅ ይላል፤ ደግሞ አንቺ መንዳት መቼ ተማርሽ?" አለኝ። መንዳት ባላውቅም መፍራት አውቃለሁ። የእህትህን ልጅ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት በዚሁ መኪና ነው፤ እስኪመለስ ቁጭ ብድግ እላለሁ።

አንተ ደግሞ የላከልህን ፎቶ አይተህ "አባዬ፣ የንጉሥ ወንበር!" አልከው፤ ከዚያ ወዲህ ማን ይናገረው! እባክህ "ለኔ ከፍ ይልብኛል፣ አስቀንስልኝ" በለው። ላንተ ሲል እሺ ይላል። እናቴ ነገረችኝ እንዳትለው ብቻ፣ ካልከው ቤቱን ጥዬለት ነው የምጠፋው።

በደህና አምጥቶህ ለዓይንህ ያብቃኝ። ዛሬውኑ ደውል፣ የኔ ጌታ፤ ነገም ጠዋት ልጅቷን ይዟት ይወጣል።

እናትህ