አባትሽ ወይኑን አሸተተው

የዓይኔ ብርሃን ልጄ፣ ያለሽበት አገር ይመችሽ፤ ጤናሽ ይብዛ።

እልል በይልኝ፣ አባትሽ ማሽተት ቻለ! ከዚያ ክፉ ጉንፋን ወዲህ አፍንጫው ደንዝዞ፣ የወይን ጠጅ ፋብሪካው ቀማሽነቱን ለሌላ ሰው ሊሰጥበት ነበር። እንዳትጨነቂ ብዬ ደብቄሽ ነው። ትናንት ምሳ ላይ ዓሣ ጠብሼ፣ ነጩን ወይን ቀዳሁለት።

"ለዓሣ እሱ ነው ስትል አልኖርክም?" አልኩት።

ሳይወድ በግዱ ተጎነጨ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "አንቺ ሴት፣ ኮክ ኮክ ይሸታል!" ብሎ ጮኸ። ተቃቅፈን አለቀስን። ማታ ደግሞ ቀዩን ከበግ ጥብስ ጋር ካልቀመስኩ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ዛሬ በጠዋት እየሮጠ ሥራ ገባ።

አንቺስ ትበያለሽ? ብርድ እንዳይመታሽ። እባክሽ ደውይለትና ምን ምን እንደሸተተው ጠይቂው፤ ለእኔ አሥሬ ነግሮኛል፣ ላንቺ ሲነግርሽ ግን የደስታ ድምፁን አጠገቡ ሆኜ ልስማው።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ።

እናትሽ