ወኪላችን ሲሪል

ሰኞ፣ ማርች 4
ግሪምስቢ ወደብ ዝናብ ነው። የዓሣ መረብ የምንሠራበትን መረብ ቤት በጠዋት ከፈትኩ። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ማንበብ መጻፍ አልችልም፣ አላፍርበትም። ልጄ ዶሪን ትጽፋለች። ሳታሳምሪ ጻፊ ብያታለሁ።
የወዳጄ የሲሪል ቆብ እንደተሰቀለ ነው። በእኛ መረብ ቤት የሞተ ሰው ቆብ ዓመት ሳይሞላው አይወርድም፣ ስሙም ከየትም አይፋቅም። አባቴ እንዲህ አደረገ... እኔም።

ረቡዕ፣ ማርች 6
ግብር ቢሮ ደወልኩ። የሠራተኞቻችን የጡረታ ፈንድ ኃላፊ እኔ ነኝ። ከግብር ቢሮ ጋር የሚነጋገርልን ወኪል ግን ሲሪል ነበር። ሴትዮዋ ጥያቄ ልከን መልስ አጣን አለች። ለማን ላካችሁ? አልኳት። ለወኪላችሁ። ስንደውልለትም መልሼ እደውላለሁ ይላል፣ እየጠበቅነው ነው።
ኖቬምበር ላይ የቀበርነውን ሰው ይጠብቁታል!
ሞቷል ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ።
እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ካልሰጠን ፈንዱ ይሰረዛል። ጡረተኛው ኖሪስ በምን ሊኖር ነው? የሲሪል ሚስት ኢኒድስ?

ሐሙስ፣ ማርች 7
መረብ ስቋጥር ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። የሱ ሳል። ዞር ስል ቆቡ ብቻ... እርጥብ መሰለኝ። አልነካሁትም።

ዓርብ፣ ማርች 8
ኢኒድ ቤት ሻይ ጠጣሁ። የግብር ቢሮ ፖስታዎች ሳይከፈቱ የሲሪል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሱ ናቸው፣ እኔ ምን አገባኝ አለች።
ስልኩ ጮኸ። አላነሳችም። ከመልእክት መቀበያው የተቀዳው ድምፁ ወጣ፦ "ሲሪል ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ።" ቀጥላ የግብር ቢሮዋ ሴትዮ፦ "አቶ ሲሪል፣ አሁንም እየጠበቅንዎት ነው።"
ኢኒድ ሻይዋን አስቀመጠች።
"እየደወለ ድምፁን ሰምቶ ዝም ብሎ የሚዘጋው አንተ ነህ አይደል፣ ሄድሊ?" አለችኝ።
ዶሪን ይሄን ስትጽፍ ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ማርች 12
ኖሪስ መጣ። ጡረታ እስኪወጣ አጠገቤ መረብ ሲቋጥር የኖረ ሰው ነው።
"ለሞተው ብለህ እኔን በቁሜ ልትቀብረኝ ነው እንዴ?" አለኝ።
እየሳቀ ነው ያለው። 

ዓርብ፣ ማርች 15
ደወልኩ። ወኪላችን ሞቷል አልኩ። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሴትዮዋ አዘነች፣ ወዲያው ግን አዲሱ ማን ነው አለች። የሱን ስም ከወኪሎች ዝርዝር ማውጣትም አዲስ ማስገባትም የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ከተማ ያለችውን ሂሳብ አዋቂ ግዌንዳን አስገባሁ። ዶሪን አነበበችልኝ፣ ምልክቴን አደረግኩ። የመረብ ገመድ ስጎትት የኖርኩ ሰው እስክሪብቶ ከበደኝ።
ቆቡን አወረድኩ። ዓመቱ ገና ነው... ይቅር ይበለኝ። ለኢኒድ ወሰድኩላት። ተቀብላኝ የሲሪል ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ሰኞ፣ ማርች 25
ግዌንዳ መልሱን አስገብታለች። ፈንዱ ተረፈ። ኖሪስ ዓሣና ድንች ጥብስ ይዞ መጣ፣ ሁለታችንም ባዶውን መስቀያ እያየን በላን።
ሳል የለም። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን ጥዬ ነበር።
ከሰዓት በኋላ ሲሪል ቤት ደወልኩ። ጠራ... ጠራ...
"ሃሎ" አለች ኢኒድ። "መቀበያውን አጥፍቼዋለሁ፣ ሄድሊ። አሁን የማነሳው እኔ ነኝ። ተናገር።"

መልሼ እደውላለሁ አልኳት።