ለልጅህ ያልሰጠሁት ድምፅ

ውድ አበልጄ፥

የሰላም አምላክ ቤትህን ይጠብቅልኝ፤ ወገብህንም ያጽናልህ። በስልክ አንተ ስትቆጣ እኔም ስለምቆጣ፥ ይህን ጽፌ ማለዳ ወደ እናንተ በሚሄድ ሰው እጅ ልኬልሃለሁ። ከልጅህ ቀድሞ እንዲደርስህ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሾፌር እንደሚቀጥር ሰምተህ፥ አመልካቾቹን ከሚፈትኑት አንዱ እኔ ነኝና ልጅህን አደራ አልኸኝ፤ ሥራ ሳይዝም በርህን እንዳይረግጥ መማልህን ጨመርህልኝ። አደራህ ከበደኝ። የወላጆች ተወካይ ሆኜ ከርእሰ መምህርቷና ከጋራዡ ኃላፊ ጋር የተቀመጥሁት፥ የሌሎች ወላጆች ልጆች ለማን በአደራ እንደሚሰጡ ልመሰክር ነውና፥ ገና ስሙ ሲጠራ የክርስትና ልጄ ስለሆነ ነጥብ እንደማልሰጥ ተናገርሁ።

የጋራዡ ኃላፊ ተጫዋች ነው። "አባታችን፥ እርስዎ የማያውቁት ሰው እስኪመጣ ከጠበቅን እኮ ልጆቹ በእግራቸው ተመላልሰው ሊመረቁ ነው" አለኝ።

የገባውን ሁሉ በመሪው ላይ ሳለ ያጠፋው ጥፋት ካለ ጠየቅን። አንዱ እንኳን ሰው ጉንዳን እንዳልዳጠ ማለ፤ ሌላው ጥፋቱ ሥራ ማብዛት እንደሆነ አስረዳን። አልፈረድሁባቸውም። ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን ቢያሞግስ ምን ይደንቃል? ከጠረጴዛው ወዲህ ሆኖ ያንን መስማት ለእኔም ፈተና ነው።

ልጅህ ግን እውነቱን ነገረን። የቀድሞ ሥራውን የተወው፥ ለአንተ እንደነገረህ፥ ሰልችቶት አይደለም። አንዲት እናት ከአውቶቡሱ እየወረዱ ሳለ መስታወቱን ሳያይ በሩን ዘጋባቸው፤ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ተሳፋሪው ደረጃው ያዳለጣቸው መስሎት ነበር። እርሱ ሐኪም ቤት አድርሷቸው በቀጥታ ወደ ስምሪት ክፍል ሄደና፥ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ አለ። አሰናበቱት።

ርእሰ መምህርቷ፥ "ሐቀኝነቱን ወድጄዋለሁ፤ የማስረክበው ግን ሕፃናትን ነው" አለች። የጋራዡ ኃላፊም፥ "እኔን የሚያስፈራኝ ምንም አላጠፋሁም ባዩ ነው፤ የእሱ ጥፋት ገና ከፊቱ ነው" ሲል ተከራከረ። አልተስማሙም፤ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። አንድ ቃል ብናገር ልጅህ ሥራውን ይይዝ ነበር። አልተናገርሁም። በደንቡ መሠረት ድምፅ እኩል ሲሆን የሰብሳቢዋ፥ የርእሰ መምህርቷ፥ ድምፅ አሸነፈ፤ ሥራው ለሌላ ሰው ሆነ።

ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ራሴ ነገርሁት። ሥራስ ሌላ ይፈለጋል አለኝ፤ የከበደው ሌላ ነው። "ጋሼ፥ ለአባባ በምን አፌ ልንገረው? ዕድሜ ልኩን ሲነዳ አንድም ሰው አልጎዳም። እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ" ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

አበልጄ፥ በኮሚቴው ፊት ልማልድለት አልተቻለኝም፤ በአንተ ፊት ግን እማልድለታለሁ። ይህ በደረሰህ ዕለት ሲመሽ እርሱም ይደርሳል። መሐላህን ለንስሐ አባትህ ተወውና ተነሥተህ በሩን አንተው ክፈትለት። ስለ ሥራው አትጠይቀው። የሴትዮዋ ክንድ እንዴት እንደሆነ ጠይቀው፤ እሑድ እሑድ እየሄደ ያያቸዋልና፥ ያንን ለመናገር አፉ አይያዝም።

ስለ ሁለታችሁም የሚጸልይ
አበልጅህ